የሰዓት መለያየትና የእውነት አንድነት

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ሲባል ያልሰማ የአገራችን ሰው የለም። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ጊዜ ለአንዱ የሚሰጥ፣ ከሌላው የሚነሣ፣ በሁሉ ላይ የሠለጠነ አንድ ጌታ ሆኖ ይታያል። ቦታም በበኩሉ፣ ሰው ቢሄድበትም ባይሄድበትም፣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ጸንቶ የሚኖር ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ እውነተኛው ጊዜ በምንም ነገር ሳይገታ ለዓለም ሁሉ እኩል እንደሚፈስ አስተምሯል፤ ትምህርቱም በአብዛኞቹ የፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ከ200 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማስታወሻ መጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት ራሱ ከጉዳያችን ጋር የተያያዘ መሆኑ ወደ ፊት ይታያል።)

በ1905 ግን በስዊስ አገር፣ በበርን ከተማ፣ የፈጠራ ሥራዎችን በሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ያገለግል የነበረ አልበርት አይንሽታይን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ይህን የቆየ እምነት የሚያናውጥ ጽሑፍ አወጣ። ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ «አሁን» እንደሌለ፣ የሚሄደው ሰው ሰዓትና የቆመው ሰው ሰዓት እኩል እንደማይቈጥሩ አስረዳ። ትምህርቱም የአንጻራዊነት ትምህርት ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ስም ከሊቃውንቱ ቤት ወጥቶ በየአደባባዩ ይነገራል። ብዙ ሰዎችም «ሊቃውንቱ ራሳቸው ሁሉም አንጻራዊ ነው ብለዋል፤ እንግዲህ እውነትና ሐሰት፣ ደግና ክፉ የሚባለውም እንደ ተመልካቹ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አነጋገር የተማረ ሰው አነጋገር መስሎ ስለሚታይ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ዳኛ ከተናገረው ፍርድ ይጠፋል፤ ጸሓፊ ከተናገረው መዝገብ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ጊዜና ቦታ በአንጻር የሚታዩ ከሆኑ እውነትም በአንጻር ብቻ የምትታይ ናትን? የሚለውን ጥያቄ፣ ዐቅማችን በፈቀደ መጠን፣ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ወደድን።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር ከቅርብ መጀመር ይሻላል። ከደሴ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው የደቡብ ወሎን ደጋ አቋርጦ ቦረና ይደርሳል። ዋና ከተማው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቈረቈረ ነው። ከዚያም አልፎ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ይታያል። በዚህ አገር ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው፣ በአንድ ገበያ ገዝተውና ሸጠው፣ በሐዘንና በደስታ ተጠራርተው የሚኖሩ ናቸው። አንደኛው 13 ወር ያለውን፣ 365 ወይም 366 ቀን የሚሞላውን ዓመት ይቈጥራል። ሁለተኛው ጾሙንና በዓሉን የሚያውለው በጨረቃ 354 ወይም 355 ቀን በሚሞላው ዓመት ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይዞ ይደርሳል። ሰዓቱንም ብንመለከት እኛ ከጧቱ ሦስት ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ይለዋል። የቀትር ፀሐይም ደሴ ላይ አናት ከሆነች በኋላ መካነ ሰላም ላይ አናት እስክትሆን ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጎረቤቶች መካከል በአቆጣጠር ልዩነት ምክንያት የገበያውን ቀን የሳተ የለም። አንድ የመሬት ውል በአንዱ ወረቀት በመጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ በሌላው ወረቀት በማርች 2010 ተጻፈ ቢባል «እንግዲያውስ ውሉ መቼ እንደ ተጻፈ የሚታወቅ ነገር የለም» የሚል ተከራካሪ የሸንጎ መሳቂያ ይሆናል። የቁጥሩ ስም ይለያይ እንጂ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የተፈራረሙባት ቀን አንዲት ናት። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚወስድ የታወቀ ሕግ አለና ክርክሩ በስሌት ያልቃል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የስም ልዩነት ብቻ ነው። አይንሽታይን ያመጣው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ሰዓቶቹ ራሳቸው ይለያያሉ ይላልና። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለመናገር ጥቃቅን መስፈሪያ ያስፈልጋል። ደግነቱ እንዲህ ያለ መስፈሪያ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ጥንቱን አለ። የባሕረ ሐሳብ መምህራን አንዱን ዕለት፣ ማለት ሌሊቱንና መዓልቱን፣ በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል። አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስን ለ60 ቢከፍሉት ካልዒት ይሆናል፤ ካልዒት ሣልሲትን፣ ሣልሲት ራብዒትን፣ ራብዒት ኃምሲትን፣ ኃምሲትም ሳድሲትን ይወልዳል፤ ሁሉም በ60 እየተከፈለ ነው። ብናሰላው አንዲት ሳድሲት ከሰከንድ 540,000ኛ እጅ ናት። በሰከንድ 299,792,458 ሜትር የሚሮጠው ብርሃን በአንዲት ሳድሲት የሚሄደው 555 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አባቶቻችን ይህችን መስፈሪያ በሰዓት መሣሪያ አልለኳትም፤ ነገር ግን ሐሳባቸው ያን ያህል ርቆ መክፈሉ የሚደነቅ ነው።

በዚህ መስፈሪያ የዘመናችንን ግኝት እንመዝነው። ከባድ ነገር አጠገብ ያለ ሰዓት ከፍ ብሎ ካለው ሰዓት ዘግይቶ ይቈጥራል። በ2010 በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው እንደሚፈጥን በግልጽ አሳይቷል። ከፍታው 1,000 ሜትር ሲሆን ልዩነቱ በዓመት ሁለት ሳድሲት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከቦረና ደጋ እስከ ዓባይ ወለል ያለው መውረጃ ከ1,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ደጋ ላይ የሚኖረውና ቆላ ወርዶ የሚያርሰው ገበሬ ጊዜያቸው በእውነት እኩል አይደለም። ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር ምን ቁም ነገር አለው ለሚል ሰው መልሱ ቅርብ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ መንገድ የሚያሳዩን በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች በፍጥነታቸው ምክንያት ሰዓታቸው ይዘገያል፤ በከፍታቸው ምክንያት ደግሞ ይበልጡን ይፈጥናል። ሁለቱ ተቀናንሰው በቀን 20 ሳድሲት ያህል ይቀድማሉ። መሐንዲሶች ይህን ባያርሙት ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በደረሰ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የሙዎን ነገር ነው። ሙዎን ከኅዋ የሚመጣ ጨረር አየሩን ሲመታ፣ ከመሬት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የምትወለድ ቅንጣት ናት። አማካይ ዕድሜዋ ከአንዲት ሳድሲት ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ ዕድሜዋ፣ የብርሃንን ያህል ብትሮጥ እንኳ፣ 660 ሜትር ያህል ሄዳ ማለቅ ነበረባት። ነገር ግን እጅግ ብዙ ሙዎኖች መሬት ይደርሳሉ፤ አንባቢ ይህን ጽሑፍ በሚያነብበት ጊዜም በአካሉ ውስጥ እያለፉ ናቸው። በ1963 ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ ተራራ ላይና በባሕር ዳርቻ ቈጥረዋቸው የሚተርፉት በአሮጌው ስሌት ከሚጠበቀው እጅግ የበዙ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። እንዴት ሊሆን ቻለ? እኛ ከመሬት ሆነን ስንመለከት «መንገዱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የሙዎን ሰዓት ዘግይቶ ስለሚቈጥር ዕድሜዋ ረዝሟል» እንላለን። ሙዎን አፍ ቢኖራት ደግሞ «ዕድሜዬ ያው አጭሩ ነው፤ ነገር ግን ወደ እኔ የሚሮጠው አየር ስለሚያጥር መንገዱ አጭር ነው» ትል ነበር። በጊዜ አልተስማማንም፤ በርቀትም አልተስማማንም። መሬት መድረሷን ግን እኛም እርሷም አንክድም።

ይህ ስምምነት በአጋጣሚ የተገኘ እንዳልሆነ ያስረዳው ቀድሞ የአይንሽታይን መምህር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሄርማን ሚንኮቭስኪ ነው። በ1908 ጊዜና ቦታ ለየብቻቸው መቆማቸው ቀርቶ አንድ አካል፣ ማለት ኅዋና ጊዜ በአንድነት፣ ሆነው መታየት እንዳለባቸው አስተማረ። የግንበኛ ገመድ ምሳሌ ይሁነን። ግንበኛ የቤት ማእዘን ሲያቀና በአንድ ወገን 3፣ በሌላው ወገን 4 ከለካ፣ አግድሙ 5 ሊሆን ይገባዋል፤ 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ናቸውና። በሚንኮቭስኪ ጂኦሜትሪ ግን መደመሩ መቀነስ ይሆናል። አንድ መንገደኛ በእኛ ሰዓት 5 ዓመት ተጕዞ ብርሃን በ3 ዓመት የሚሄደውን ርቀት ቢጨርስ፣ 25 ሲነሣለት 9፣ 16 ይቀራል፤ የ16 ሥርም 4 ነው። ስለዚህ በመንገደኛው ሰዓት ያለፈው 4 ዓመት ብቻ ነው። ሌላ ተመልካች ጊዜውን በ5 ፈንታ ሌላ፣ ርቀቱንም በ3 ፈንታ ሌላ አድርጎ ይለካዋል፤ ከተቀነሰ በኋላ የሚገኘው 4 ግን ለሁሉም አንድ ነው። እንግዲህ ትምህርቱ አንጻራዊነት ይባል እንጂ ልቡ ያለው በማይለወጠው ላይ ነው።

የማይለወጠው ሁለተኛው ነገር የምክንያትና የውጤት ተራ ነው። የጎጆ ክዳን አንዱን እንደ ቆመ፣ ሌላውን ገልብጠን ጫፍና ጫፋቸውን ብናገናኝ፣ መገናኛዋ ነጥብ «እዚህና አሁን» ናት እንበል። የታችኛው ክዳን ከኋላ ዘመን ወደ እኛ ሊደርስ የቻለውን ሁሉ ይይዛል፤ የላይኛው ወደ ፊት እኛ ልንደርስበት የምንችለውን ሁሉ ይይዛል። ከሁለቱ ውጭ ያለው፣ ብርሃን እንኳ በመካከላችን ሊመላለስበት የማይበቃው ነው። በዚያ ውጭ ከሚሆነው ነገርና በእኛ ዘንድ ከሚሆነው ነገር የትኛው እንደሚቀድም ተመልካቾች ሊለያዩ ይችላሉ። በክዳኖቹ ውስጥ ባለው ግን ማንም አይለያይም፤ ዘሩ ከመከሩ፣ መብረቁ ከቃጠሎው መቅደሙን ሁሉም በአንድ ቃል ይመሰክራል።

ይህ ሥርዓት የአቶምን ረቂቅ ዓለም ከሚመረምረው የኳንተም ትምህርት ጋር ሲጋባ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። በኳንተም ዓለም የሥራ ተራ ለውጥ ያመጣል። እህል ፈጭቶ ማቡካትና አቡክቶ መፍጨት አንድ እንዳይደሉ፣ የቅንጣትን ቦታ ቀድሞ መለካትና ፍጥነቷን ቀድሞ መለካት አንድ ውጤት አይሰጡም። እንግዲያውስ እጅግ በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች የሚደረጉ ሁለት ልኬቶች የትኛው እንደሚቀድም ካልታወቀ ዓለም ሥርዓት የለሽ አይሆንምን? ለዚህ የኳንተም መስኮች ትምህርት አንድ ጽኑ ደንብ አቆመ፤ ብርሃን ሊያገናኛቸው በማይችል ሁለት ቦታዎች የሚደረጉ ልኬቶች ተራቸው ቢቀያየር ውጤቱ ምንም አይለወጥም። በ1964 ሩዶልፍ ሃግና ዳንኤል ካስለር ትምህርቱን በጠራ የሒሳብ መሠረት ላይ ሲያቆሙ ይህን ደንብ ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርገውታል። ደንቡ ዋጋ አስከፍሏል። በኳንተም ስሌት የቅንጣት አሻራ ከብርሃን ድንበር ጥቂት አልፎ የሚታይ ይመስላል፤ ይህን የሚያጣፋው ከእያንዳንዱ ቅንጣት ጋር ተቃራኒ ክስ ያለው አቻ መኖሩ ነው። ፖል ዲራክ በ1928 ባወጣው ስሌት መንገዱ ተከፈተ፤ በ1932 ካርል አንደርሰን የኤሌክትሮንን ተቃራኒ አቻ በመሣሪያው አየው። ምክንያት ከውጤት ይቅደም የሚለው ሥርዓት ይጠበቅ ዘንድ የዓለም ግማዱ እንኳ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

በዚሁ ትምህርት ሌላም ነገር አለ። ኒልስ ቦርና ሌዮን ሮዘንፌልድ በ1933 እንዳስረዱት የመስክ ኀይል በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ አይለካም። የሚለካው ጥቂት ስፋትና ጥቂት ቆይታ ባለው አካባቢ ነው። ከአካባቢዋ የተነጠለች ነጥብ በወረቀት ላይ እንጂ በሥራ ላይ ትርጕም የላትም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የብርሃን ሕግ የብርሃን ነው፤ የሰው ምግባር ከሰው ነው። ከፊዚክስ ስሌት ግብረ ገብ አይቀዳም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቃሉ ልክ ነው። ሙዎን ሐቀኛ ሁን አትለንም፤ የሚንኮቭስኪም ጂኦሜትሪ ጉቦ አትብላ አይልም። ነገር ግን ይኸው ተቃውሞ አስቀድሞ የሚያፈርሰው «ሁሉም አንጻራዊ ነው» የሚለውን ሰው ክርክር ነው። ከፊዚክስ ምግባር የማይቀዳ ከሆነ ምግባረ ቢስነትም ከፊዚክስ አይቀዳምና። ከዚህም በላይ ትምህርቱን በምሳሌነት ብንወስደው የሚመሰክረው በዚያ ሰው ላይ ነው። የተመልካቾች መብዛት እውነትን እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም እውነተኛው ነገር ከሁሉም ዘንድ ሲታይ ያው ሆኖ በመገኘቱ እንደሚለይ ያሳያልና።

ይህን የቦረና ሽማግሎች በልማድ ያውቁታል። ድንበር የተካሰሱ ሁለት ገበሬዎች ሲቀርቡ አንዱ በክንድ፣ ሌላው በእርምጃ ለክቶ ይመጣል፤ ቁጥራቸውም አይገጥምም። ጥሩ ሽማግሌ የአንዱን ክንድ ሕግ አድርጎ በሌላው ላይ አይጭንም፤ «ልካችሁ ስላልተስማማ መሬቱ ድንበር የለውም» ብሎም አያሰናብታቸውም። ሁለቱንም ይሰማል፤ የዚህን ክንድ ወደዚያ እርምጃ ይመልሳል፤ ከዚያም በሁለቱም ልክ ያው ሆኖ የቀረውን ድንጋይ ይዞ ይፈርዳል። ነገሩንም ከአካባቢው ነጥሎ አይመዝንም፤ ጎረቤት ያስመሰክራል፤ ያለፈውን ያስታውሳል። እኛ በመንግሥት ሥራ ያለን ሰዎች ከሁለቱ ስሕተቶች ወደ አንዱ ማዘንበል ይቀናናል። አንዳንዶቻችን በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ የተሰቀለውን ሰዓት የዓለም ሰዓት አድርገን፣ በእኛ ቅጽ ያልተጻፈውን እውነት እውነት አይደለም እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ በክርክር ብዛት ተሰላችተን «ሁሉም የየራሱ እውነት አለው» ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። የመጀመሪያው ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው በትሕትና ስም የሚሸፈን ስንፍና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የክዳኖቹ ነገር ነው። ወደ እኛ ሊደርስ ባልቻለ ነገር ማንም አይጠይቀንም፤ ዜናው ያልደረሰው ሰው ንጹሕ ነው። ታዲያ ዜና ለመድረስ ተፈጥሮ የምትጠይቀው ጊዜ ምን ያህል ነው? ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ በሰማይ መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃንና ራዲዮ ይህን የሚያቋርጡት ስድስት ኃምሲት ሳይሞላ፣ ማለት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ነው። በበቅሎ ይኬድ በነበረበት ዘመን «አልሰማንም» ማለት የተፈጥሮ ምክንያት ነበረው። ስልክና ራዲዮ ከገቡ በኋላ ግን ከዚያች ሺህኛ በላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን የእኛ የሰዎች ሥራ ነው።

ወሎ ይህን በመራራ መንገድ አይታዋለች። በ1973፣ በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ረኀብ ሲመታት ስልክም ራዲዮም በአገሩ ነበሩ። የሚያውቁ ባለ ሥልጣናት ዝም በማለታቸው ግን የውጭ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በዚያው ዓመት በጥቅምት በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ የሕዝቡ ጩኸት እንደሚገባው አልተሰማም። በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በደሴና በአዲስ አበባ መካከል ብርሃን የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ ሁለት ሺህኛ አይሞላም። ቀሪውን የወራት ርዝመት የጨመረው ኅዋ አልነበረም፤ ሰው ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ቃል ትዕግሥትን ለማስተማር መልካም ነው። ንጋት የሚያድረው ግን መሬት እስክትዞር ስለሆነ ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። እውነትን የሚያሳድራት ብዙ ጊዜ የሰው መሳቢያ ነው።

ይህን ስንል ሊቃውንቱ ሁሉን ጨርሰዋል ማለታችን አይደለም። የኳንተም መስኮች ትምህርት ኅዋንና ጊዜን ጸንቶ እንደ ተዘረጋ መድረክ ይወስዳል፤ አይንሽታይን በ1915 ያወጣው የስበት ትምህርት ደግሞ መድረኩ ራሱ እንደሚጐብጥ ያስተምራል። ሁለቱን በተሟላ መንገድ ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልተቻለም። ስለ ጊዜ ምንነት የምንሰማው ገና ሊለወጥ ይችላል። ሆኖም እስከ አሁን ከተፈተነው ሁሉ ውስጥ ውጤትን ከምክንያቱ ያስቀደመ፣ ወይም የሆነውን ነገር ለአንዱ ተመልካች ሆነ ለሌላው አልሆነም ያሰኘ አንድም ግኝት የለም።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ከቦረና ጫፍ ተነሥቶ፣ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ደጃፍ ሲደርስ የእርሱ አቆጣጠርና የእኛ አቆጣጠር ሊለያይ ይችላል። እርሱ በበዓል፣ በክረምትና በመከር ይናገራል፤ እኛ በቀንና በቁጥር እንጽፋለን። የእርሱን ወደ እኛ መመለስ የእኛ የተማርን ሰዎች ድካም እንጂ የእርሱ ዕዳ አይደለም። ከተመለሰም በኋላ በሁለታችንም ልክ ያው ሆኖ የሚቀረውን ነገር፣ ማለት መሬቱ ተወስዶ እንደ ሆነ መወሰዱን፣ ልጁ ተበድሎ እንደ ሆነ መበደሉን፣ ሳናሳድር ልንጽፈው ይገባናል።